ለሁለተኛ ሚና ለተጠራችሁ ልጆች

ውድ ልጆቼ፣

ከመድረክ ከወረድኩ ቆየሁ፤ ወጣት ተዋንያን ግን ዛሬም ድርሰት ይዘው ቤቴ ይመጣሉ። ስለ ገጸ ባሕርይዋ ማንነት ያወሩኛል ብዬ ስጠብቅ የትዕይንቶቿን ብዛት ቆጥረው ይነግሩኛል። «የጀግናው እህት ናት፤ ብዙም አትታይም፤ ልተወው?» ይሉኛል። እንዲህ ስባል ሐሳቤ የሚሄደው ወደ ሕንድ ነው። የእኔ ትውልድ በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ቋንቋውን ሳይሰማ ከሕንድ ተዋንያን ጋር ሲያለቅስ ያደገ ነውና አትፍረዱብኝ። ዘፈኑ ይበዛል ለሚሉም መከራከሪያ የለኝም።

ተዋናይት ዲቪያ ዱታ በሰሜን ሕንድ ያለችው የፑንጃብ ልጅ ናት፤ በ1977 እ.ኤ.አ. ሉዲያና ተወለደች፣ በ1994 ወደ ሂንዲ ፊልም ገባች። የሂንዲ ፊልም መናኸሪያ የሆነችው የሙምባይ ትልልቅ ፊልሞች በአብዛኛው የሰጧት የጎን ቦታ ነው። በ2004 «ቪር ዛራ» ላይ ሻቦን ሆና የተጫወተችው ከመሪ ተዋናይቷ ከፕሪቲ ዚንታ አጠገብ ነበር። እኔ ግን ደጋግማችሁ እንድታዩት የምፈልገው በ2013 የወጣውን «ባግ ሚልካ ባግ» ነው።

ፊልሙ የሯጩ የሚልካ ሲንግ ታሪክ ነው። ሚልካ በ1960 የሮም ኦሊምፒክ በ400 ሜትር አራተኛ ወጣ፤ ከአራት ቀን በኋላ በዚያችው ከተማ የእኛው አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶንን አሸነፈ። ሚልካ በ1947 ሕንድና ፓኪስታን ሲከፈሉ ወላጆቹ የተገደሉበት ልጅ ነው፤ መጠጊያ የሆነችው እህቱ ኢስሪ ናት። ኢስሪን የተጫወተችው ዲቪያ፣ ወንድሟን ከሚጫወተው ፋርሃን አክታር በሦስት ዓመት ታንሳለች። ይህን የማውቀው ከልደት ቀናቸው እንጂ ከፊልሙ አይደለም። እሱን ስታይ እንደ ታላቅ ታየዋለች፤ ከእሷ ፊት ሲቆም ትልቁ ሰውዬ ልጅ ይሆናል።

ወንድሟ ሲታሰር ለማስፈቻ ጉትቻዋን ትሰጣለች። ዓመታት አልፈው የብሔራዊ ቡድኑን ኮት ይዞላት ይመጣል። ለብሳው እጇን ኪሱ ውስጥ ስትከት ጉትቻ ታገኛለች። ተመልካች የሚያለቅሰው እዚህ ላይ ነው፤ ሥራው የተሠራው ግን ቀደም ብሎ፣ ጉትቻው ከጆሮዋ በወጣበት ሰዓት ነው። ያን ጊዜ መስዋዕትነቷን አጉልታ ብታሳየን ኖሮ ኪሱ ውስጥ የተገኘው ተራ ስጦታ ይሆን ነበር። ስለዚህ ድርሰት ሲሰጣችሁ የእናንተን ቃለ ተውኔት ብቻ አስምራችሁ ሌላውን አትዝለሉ። እናንተ በሌላችሁበት ገጽ ላይ ስለ እናንተ ምን እንደሚባል፣ የያዛችሁት ዕቃ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ፈልጉ። ጥናት የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ ከመስታወት ፊት ማልቀስን መለማመድ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ብዙም አልወደውም።

ዲቪያ የሕንድን ብሔራዊ የምርጥ ረዳት ተዋናይት ሽልማት ያገኘችው በ2018 ነው፤ ከጀመረች ሃያ አራት ዓመት በኋላ። ያሸለማት ፊልም «ኢራዳ» የተመረዘ የፑንጃብ ውኃ ታሪክ ነው። በዚያም ላይ የምትጫወተው ስልጣን የያዘች ፖለቲከኛን እንጂ አንጀት የምትበላ እህትን አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሙምባይ የጎን ቦታ በሚሰጣት ዘመን በ1999 መሪ ሚና የሰጣት በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ የተሠራ ፊልም ነው። በፑንጃቢው «ሻሂድ ኤ ሞሃባት» ከዘፋኙ ጉርዳስ ማን ጋር ዘይነብን ሆነች፤ አንድ የሲክ ሃይማኖት ተከታይ ወታደር ያገባትን፣ በኋላ የሕንድና የፓኪስታን ድንበር ከእሱ የነጠቃትን ሙስሊም ሴት። ገበያው ከሂንዲ ፊልም ገበያ እጅግ ያነሰ ነበር፤ የተሰጣት ሚና ግን ትልቅ ነበር። ከእናንተ መካከል በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ አፉን የፈታ አለ። በዚያ ቋንቋ ለሚዘጋጅ ፊልም ስትጠሩ ድርሰቱን አንብቡ፣ ክፍያውን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ስንት ሰው ያየዋል የሚለውን ጭንቀት ለአከፋፋዩ ተዉለት።