37.5 ብሎ የወጣው ለምን 7.5 ሆኖ ይደርሳል?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ሳቄ መጣ። በራሴ ነው የሳቅኩት። ከአርዱዊኖ ኡኖ (ኮድ የሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) ወደ ላፕቶፕ በዩኤስቢ የሙቀት ንባብ እየላክህ ነው። አንዳንዴ የማይነበብ ምልክት ይግተለተልብሃል። አንዳንዴ ደግሞ 37.5 መሆን የነበረበት 7.5 ሆኖ ይመጣል። «ፍጥነቱን ወደ 115200 ላሳድገው ወይ?» ነው ያልከው። ተው፣ አታሳድገው። እኔ እዚህ ሐዋሳ የእንቁላል ማስፈልፈያ ሳጥን ስሠራ በዚሁ ነገር ስንት ሌሊት አቃጥያለሁ።

ቀላሉን ላስቀድም። የማይነበበው ምልክት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ቦርዱና ኮምፒውተሩ በፍጥነት ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው። ኮዱ ላይ 9600 ካልክ ኮምፒውተሩም ላይ 9600 ይሁን። 9600 ማለት በሰከንድ 9600 ቢት (0 ወይም 1) ነው። አንድ ፊደል ከመነሻውና ከመዝጊያው ቢት ጋር 10 ቢት ይወስዳል። በሰከንድ 960 ፊደል ያልፋል ማለት ነው። አንተ በየ5 ሰከንዱ የምትልከው አሥር ፊደል እንኳ አይሞላም። ታዲያ ፍጥነት ምን ሊያደርግልህ?

7.5 ግን ሌላ በሽታ ነው። ሽቦው ላይ 37.5 የሚባል ሙሉ ቁጥር አይሄድም። 3 ይሄዳል፣ ከዚያ 7፣ ነጥብ፣ 5፣ መጨረሻ ላይ የመስመር መዝጊያው። ፕሮግራምህ 3 ካለፈች በኋላ መስማት ከጀመረ የሚደርሰው 7.5 ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን መስመር ሁልጊዜ ጣለው። ከዚያ በኋላም የሚደጋገም ከሆነ ላፕቶፑ ላይ የሚያነበውን የፓይተን ኮድህን እየው። ታይምአውቱን (ስንት ሰከንድ እንደሚጠብቅ የሚነግረውን ቁጥር) ዜሮ አድርገኸው ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ሪድላይን የሚባለው መስመር የማንበቢያ ትእዛዝ መስመሩ እስኪያልቅ አይጠብቅልህም፣ እጁ ላይ ያለውን ቁራጭ ይሰጥሃል። በየ5 ሰከንዱ የምትልክ ከሆነ ታይምአውቱን 10 አድርገው።

ሌላው፣ ቁጥሩን ራቁቱን አትላከው። እኔ መስመሩን በአንድ የእንግሊዝኛ ፊደል እጀምራለሁ፣ ከዚያ የንባቡ ተራ ቁጥር፣ ከዚያ ሙቀቱ፣ በመሃላቸው ኮማ። በዚያ ፊደል ያልጀመረ ወይም ሦስት ክፍል ያልሞላ መስመር ከመጣ ፕሮግራሙ ይጥለዋል። በአማርኛ ፊደል ግን አትጀምር። እኔ «ሙ» ብዬ ነበር፣ አገር ወዳድ ልሁን ብዬ። አንዷ ፊደላችን በዩቲኤፍ-8 (ኮምፒውተር ፊደል በሚጽፍበት ስርዓት) ሦስት ባይት ናት። ፓይተኑ ደግሞ የአማርኛ ፊደል የማያውቀውን አስኪ የሚባለውን ስርዓት ጠብቆ ነበርና ወዲያው ወደቀ።

ተራ ቁጥሩን መጀመሪያ የጨመርኩት የጠፋ መስመር ለመቁጠር ብቻ ነበር። ያዳነኝ ግን እሱ ነው። ሳጥኑ ውስጥ 40 እንቁላል ነበር። ቦርዱ ሰዓት ይቆጥርና በየ4 ሰዓቱ ሞተሩን አስነስቶ እንቁላሉን ያገላብጣል። የዶሮ እንቁላል 21 ቀን ይፈጃል፣ እስከ መጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ድረስ መገላበጥ አለበት። እኔ ደግሞ ጓጉቼ በየሁለት ሰዓቱ ፕሮግራሙን ከፍቼ አያለሁ፣ እዘጋለሁ። በሦስተኛው ቀን ፋይሉን ሳየው ተራ ቁጥሩ ይወጣል ይወጣልና ተመልሶ 1 ይላል። እንደገና 1። እኔ በከፈትኩ ቁጥር!

ለካ ኮምፒውተሩ ፖርቱን (ከቦርዱ ጋር የሚነጋገርበትን በር) ሲከፍት ዲቲአር በሚባለው መስመር በኩል ኡኖው ሪሴት ይሆናል፣ ማለትም ከመጀመሪያው ይነሳል። ኮድ ሲጫን እንዲመች ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። እኔ በከፈትኩ ቁጥር የሰዓቱ ቆጠራ ከዜሮ ይጀምራል፣ 4 ሰዓት መቼም አይሞላም። እንቁላሎቹ ሁለት ቀን ሙሉ በአንድ ጎናቸው ተኝተዋል። ከ40ው 17 ብቻ ተፈለፈሉ። እናቴ እስካሁን ታነሳብኛለች።

መፍትሔው ባለ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአጭር ጊዜ የሚይዝ ትንሽ ዕቃ) ነው። አሉታዊ እግሩ ቦርዱ ላይ ባለው ግራውንድ ቀዳዳ፣ ሌላው በሪሴት ቀዳዳ ላይ። አዲስ ኮድ ስትጭን ንቀለው፣ አለበለዚያ አይጫንልህም። ካፓሲተር ከሌለህ ፕሮግራሙን አንዴ ከፍተህ ተወው፣ ወደ ፋይል ይጻፍ፣ አንተ ፋይሉን እይ። ከከፈትክ በኋላ ቦርዱ እስኪነሳ ሁለት ሰከንድ ጠብቅ። ሲሪያል ሞኒተር የሚባለውን የአርዱዊኖ ፕሮግራም መስኮትም ዝጋ፣ አንድ ፖርት ሁለት ፕሮግራም አያስተናግድም። የላፕቶፑን ክዳን ስትዘጋ እንዳይተኛም ሴቲንጉን አስተካክል።

የሙቀት ሴንሰርህ ዲኤስ18ቢ20 የሚባለው ከሆነ 85 ዲግሪ ስታይ አትደንግጥ፣ እንቁላሉ አልተቀቀለም። ሴንሰሩ ገና ሲነሳ የሚይዘው ቁጥር ነው፣ ሳይለካ አንብበኸዋል። −127 ካየህ ደግሞ ሴንሰሩ ጭራሽ አልተገኘም። ገመዱንና ከዳታው ወደ 5 ቮልት የሚሄደውን 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ፈትሽ።

መብራት ሲጠፋ ይሄ ነገር ደስ ይላል። ቦርዱ ከላፕቶፑ ባትሪ ስለሚበላ መመዝገቡን አያቆምም፣ ሙቀቱ እንዴት እንደወረደ በየ5 ሰከንዱ ታየዋለህ። ሰዓቱን ብቻ ልብ በል። እናቴ ደብተሯ ላይ «2:10 ጠፋ» ብላ ጽፋለች፣ እኔ ፋይሉ ውስጥ 2:10ን ፈልጌ አጣሁ። ለካ ላፕቶፑ የጻፈው 20:10 ብሎ ነው።

ይህን ሁሉ አድርገህ 7.5 ካልለቀቀህ የመጣውን አሥር መስመር እንዳለ ኮፒ አድርገህ ላክልኝ። የስክሪን ፎቶ አይደለም፣ ጽሑፉን። የፓይተኑንም ፖርቱን የሚከፍተውን መስመር ጨምርበት።