ክርስቲያን ካፒታሊስት ነው ወይስ ሶሻሊስት? ወለድስ?

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን አሉ? ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 ላይ ያመኑት ሁሉ ያላቸውን በጋራ ያደርጉ ነበር ይላል፣ ጓደኛዬ ደሞ ካፒታሊዝምን የፈጠሩት ፕሮቴስታንቶች ናቸው ይለኛል። ለክርስቲያን የሚስማማው የቱ ነው? ገንዘብ በወለድ ማበደርስ ኃጢአት ነው?

መልስ፦ ልጄ ጥያቄህ ደስ ብሎኛል፣ ብዙ ሰው እኮ ገንዘቡንና እምነቱን ለየብቻ አስቀምጦ ነው የሚኖረው። ያነሳኸውን ንባብ ገፋ አድርገህ ምዕራፍ 5 ድረስ ሂድ፣ ቅዱስ ጴጥሮስ ሐናንያን መሬቱ ሳይሸጥ ያንተ አልነበረም ወይ ነው ያለው፣ የተቀጣው ስለዋሸ እንጂ ንብረት ስለነበረው አይደለም። መካፈሉ ከፍቅር የመጣ ነው፣ ማንም በአዋጅ አልወረሳቸውም። በዛ መንገድ እስከ ጥግ የሄዱት መነኮሳት ናቸው፣ በ4ኛው ክፍለ ዘመን አባ ጳኩሚስ ግብፅ ላይ ባቋቋሙት ገዳም ሁሉም ሰርቶ ከአንድ ማዕድ ይበላል፣ የግሌ የሚባል ነገር የለም፣ ግን እዛም የሚገባው ወዶ ነው።

የጓደኛህ ሀሳብ የመጣው ከጀርመናዊው ሶሺዮሎጂስት ከማክስ ቬበር ነው፣ በ1904 እና 1905 እ.ኤ.አ. ነው የጻፈው። የፕሮቴስታንቱ መምህር የካልቪን ተከታዮች ስራን እንደ እግዚአብሔር ጥሪ አይተው ተግተው ይሰራሉ፣ ትርፉን በቅንጦት አያጠፉትም፣ ስለዚህ ካፒታል ይጠራቀማል ይላል። ፈጠሩት ግን አላለም፣ ከዛ በፊትም ፍሎረንስ ላይ ካቶሊክ ባንከሮች ነበሩ።

ወለዱ ላይ ትንሽ ልቆይ። በ325 የኒቅያ ጉባኤ 17ኛው ቀኖና አራጣ፣ ማለትም ወለድ፣ የሚበላ ካህን ከክህነቱ ይሻር ይላል። ዘጸአት 22 ደሞ አራጣ አትጫንበት የሚለው ለማን ሲበደር እንደሆነ አስተውል፣ ለድሃ ነው። የሚበላው አጥቶ የሚበደርና ነጋዴ ሊያተርፍበት የሚበደር አንድ አይደሉም፣ ካልቪን ራሱ በ1545 ወለድን ሲፈቅድ ከድሃ ግን አትቀበሉ ብሏል። እኔም ለነጋዴ አበድረህ ከትርፉ ብትካፈል አልከለክልህም፣ ልጁ ታሞበት በርህን ባንኳኳው ሰው ላይ ወለድ ስትቆጥር ግን ዝም ማለት አልችልም።

ስለ ካፒታሊዝምና ሶሻሊዝም ከጠየቅከኝ ቤተክርስቲያን የቱንም አላጠመቀችም። ንብረት የቀማም የሠራተኛ ደሞዝ ያስቀረም እኩል ይጠየቃል፣ ያዕቆብ 5፥4ን ዛሬ ማታ አንብበው። አሁን በወለድ ያበደርከው የተቸገረ ሰው ካለ ደሞ ዋናውን ብቻ ተቀበለው፣ ከዚህ ቀደም የወሰድከውንም ወለድ ከዛው ላይ ቀንስለት።