ወደ ታች የሚጠብ ባልዲ ላይ ስቲከር ለመለጠፍ የቱ ዘዴ ይሻላል ላልሽው

ሰላም እህቴ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ደብረ ሲና ማር የምታሽጊበት የአንድ ኪሎ ባልዲ ወደ ታች ስለሚጠብ ስቲከሩ ከስር ይሸበሸባል፣ በማግስቱ ደግሞ ጫፉ ይነሳል፣ ስለዚህ ስቲከር ትቼ ዩቪ ዲቲኤፍ (ፊልም ላይ ታትሞ ወደ ዕቃው የሚተላለፈውን) ላሰራ ወይስ ሽሪንክ ላስቲክ (በሙቀት ተኮማትሮ ዕቃው ላይ የሚጣበቀውን) ነው ያልሽው፣ ከዛም ስለ ስጦታ ሲኒ ጨመርሽ። እኔ ደብረ ብርሃን ማስታወቂያ ቤት ነው ምሰራው፣ ብዙ ሰው እንዳንቺ ማሽኑን መርጦ ይመጣል፣ እኔ ግን መጀመሪያ ዕቃውን አምጡልኝ ነው ምለው፣ ምክንያቱም ዘዴውን የሚወስነው የዕቃው ቅርጽ ነው።

እስቲ ጠበብ ያለ ረጅም ወረቀት ቁረጪና ሳትጎትቺው ባልዲው ላይ ጠቅልይው። ቀጥ ያለ ጠርሙስ ቢሆን ጫፍና ጫፉ ይገናኛል፣ እዛ ላይ የፈለግሽውን ብትለጥፊ ችግር የለውም። ያንቺ ባልዲ ላይ ግን ሁለቱ ጫፎች ወደ ላይ እየወጡ ይሄዳሉ። በግድ ቀጥ ላድርገው ካልሽ የታችኛው ዙሪያ አጭር ስለሆነ የተረፈው ወረቀት መሄጃ ያጣና ይሸበሸባል፣ ያማረረሽ እሱ ነው እንጂ ሙጫው ወይ እጅሽ አይደለም። ዩቪ ዲቲኤፍም ይሁን ሌላ ትራንስፈር ጠፍጣፋ ፊልም ላይ እስከታተመ ድረስ እዛው ሽብሸባ ውስጥ ነው የሚገባው፣ ስለዚህ ብር ከማውጣትሽ በፊት ዲዛይኑ ይስተካከል።

ዲዛይኑ በቅስት መሰራት አለበት። ስቲከሩ የሚያርፍበትን የላይኛውን ዙሪያ በክር ለኪ፣ የታችኛውንም ለኪ፣ ከዛ በሁለቱ መሀል ያለውን ርቀት ግድግዳውን ተከትለሽ ለኪ (ባልዲው ጎን ቀጥ አርገሽ አይደለም፣ ዘመም ያለውን ግድግዳ ተከትለሽ)። ለምሳሌ ላይ 36 ሴንቲ፣ ታች 33፣ ግድግዳው 8 ቢሆን፣ 8ን በ36 አባዢና ለልዩነቱ ለ3 አካፍይው፣ 96 ይመጣል፣ እሱ የላይኛው ቅስት ራዲየስ ነው፣ የታችኛው 8 ሲቀነስ 88። ይሄን ለዲዛይነርሽ ስጪው፣ ኢላስትሬተርም ኮርልም (የዲዛይን ፕሮግራሞቹ) ላይ ሁለት ክብ ስሎ መቁረጥ ነው፣ ጽሁፉንም እዛው ቅስት ላይ ያስኪደው፣ አለዚያ ስቲከሩ ቀጥ ብሎ ጽሁፉ ይንጋደዳል።

አሁን ደሞ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር። በዚሁ ልኬት ዙሪያውን ሙሉ የሚሸፍን ስቲከር ካደረግሽ የመሀሉና የጫፉ ከፍታ 1.7 ሴንቲ ያህል ይለያያል፣ ፊት ለፊት ብቻ 12 ሴንቲ ስፋት ያለው ካደረግሽ ግን ልዩነቱ 2 ሚሊ እንኳ አይሞላም። ስፋቱን ሲሶ ስታደርጊው ጉብጠቱ ሲሶ አይደለም ሚሆነው፣ አንድ ዘጠነኛ ነው። ስለዚህ እኔ ብሆን ዙሪያውን እተወውና ከፊት አንድ ከኋላ አንድ አድርጌ እከፍለዋለሁ፣ ማዕዘኖቹንም ክብ አስደርጌ አስቆርጣለሁ ምክንያቱም መነሳት የሚጀምረው ከሹል ጫፍ ነው።

የጫፉ መነሳት ግን ሌላም ምክንያት አለው። የባልዲውን ቂጥ ገልብጠሽ እይ፣ ሶስት ማዕዘን ውስጥ 5 ቁጥር ካለ ፖሊፕሮፒሊን ነው፣ 2 ከሆነ ወፍራሙ ፖሊኤትሊን፣ ሁለቱም ሙጫ የማይወዱ ፕላስቲኮች ናቸው፣ ለነሱ ጠንከር ያለ ሙጫ ያለው ስቲከር ብለሽ ጠይቂ፣ የወረቀቱን ተይውና የፕላስቲኩን ውሰጂ። በዛ ላይ የኛ አገር ብርድ አለ። ብዙ ስቲከር ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ አይዝም፣ ህዳርና ታህሳስ ላይ ውርጩ ሳይለቅ ጠዋት ለጥፈሽ ወደ ሸዋ ሮቢት ብትልኪው ቆላ ሲደርስ ጫፉ ተነስቶ ብታገኚው አይግረምሽ። ባልዲውንም ስቲከሩንም ቤት ውስጥ አሳድሪያቸው፣ ፀሀይ ከሞቀ በኋላ ስሪ፣ ከለጠፍሽም በኋላ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ሳይነካ ይቆይ።

አለጣጠፉ እንዲህ ነው። ማር ከመሙላትሽ በፊት ለጥፊ፣ በማር የነካካ እጅ ስቲከሩ ጋ አይድረስ። ባልዲውን በአልኮል ጥረጊና ይድረቅ። ባዶው ባልዲ ስትጫኚው ስለሚገባ ሌላ ንጹህ ባልዲ ውስጡ ሰክተሽ አጠንክሪው (መጥበቡ እዚህ ላይ ጠቀመሽ ማለት ነው)። ስቲከሩን መሀሉ ላይ ከላይ ወደ ታች በወረቀት ፕላስተር ያዢው፣ ቀጥ ማለቱን እይ፣ ከዛ የአንዱን ጎን ጀርባ ልጠሽ ከመሀል ወደ ጫፍ ጨርቅ በተጠቀለለ ካርድ እየገፋሽ ሂጂ፣ ቀጥሎ ሌላኛውን። ከአንድ ጫፍ ጀምሮ መለጠፍ አየሩንም ጠማማነቱንም ሰብስቦ ሌላው ጫፍ ላይ ያወጣዋል። በመጨረሻ ጫፎቹን በፎን (በጸጉር ማድረቂያ) ትንሽ ሞቅ አርገሽ ተጫኛቸው፣ ስትለጥፊ ግን አትጎትቺ፣ ተጎትቶ የተለጠፈ ተራ ስቲከር ቀስ እያለ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ሽሪንክ ጥሩ ነገር ነው፣ ትከሻ ላለው ጠርሙስ ሁሉ ይሆናል፣ ግን ታች ላይ የበለጠ ስለሚኮማተር ጽሁፉ እዛ ይቀጥናል፣ ዲዛይኑ አስቀድሞ ተለጥጦ መሰራት አለበት፣ ደግሞ በጥቂት ፍሬ ለማሳተም አያዋጣም። ዩቪ ዲቲኤፉን ለብርጭቆና ለመግ አድርጊው፣ ባልዲው ላይ አልመክርሽም።

ሲኒው ሌላ ጉዳይ ነው። ሆዱ በሁለት አቅጣጫ ስለሚጎብጥ ሰፊ ስቲከር መለጠፍ ብርቱካንን በወረቀት እንደመጠቅለል ነው። እዛ ላይ በውሃ ተነክሮ የሚንሸራተተው ስስ ዲካል ነው ሚሻለው፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ ደቂቃ ያህል ነክረሽ ከወረቀቱ ላይ አንሸራተሽ ሲኒው ላይ ታሳርፊዋለሽ፣ ከመሀል ወደ ውጪ ውሃውን ታስወጪዋለሽ። ግን ለሴራሚክ የተሰራ ዲካል ሆኖ ወደ 800 ዲግሪ በሚደርስ እቶን ካልተጠበሰ በእጥበት ይላጣል፣ እቶን ያለው ሰው ካላገኘሽ ትንሽ ሎጎ ብቻ አድርጊ፣ ከንፈር የሚነካውን ጠርዝም ራቂው። ሰብሊሜሽን (ቀለሙ በሙቀት ወደ ዕቃው የሚገባበት ህትመት) የሚሆነው ለዚሁ ተብሎ የተቀባ መግ ላይ ነው፣ ሾጠጥ ላለው መግ ደግሞ ማሞቂያው ራሱ ሾጣጣ መሆን አለበት፣ የቀጥታው ከታች በኩል አይነካውም።

ሶስቱን ልኬት እዚሁ ከስር ጻፊልኝ፣ ቅስቱን ሰርቼ ፋይሉን እልክልሻለሁ። ስትለኪ ስቲከሩ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ይሁን፣ የባልዲው አፍ ላይ ያለው ጠርዝ ወጣ ስለሚል ያሳስትሻል። መጀመሪያ በተራ ወረቀት አሳትመሽ ባልዲው ላይ ሞክሪውና ልክ ከሆነ ብቻ ስቲከሩን እዘዢ።