ጃፓን፣ ናጋሳኪ ያለውን የኮንፊሺየስ መቅደስ ከነሙዚየሙ ስለ መጎብኘት ለጠየቅከው

ወንድሜ፣ «እናቴን ይዤ ከፉኩኦካ ለአንድ ቀን ናጋሳኪ ልሄድ ነው። የኮንፊሺየሱ መቅደስ መግባት ያዋጣል ወይስ ፎቶ ተነስቶ መውጫ ነው? ኦርቶዶክስ ስለሆንን ስገዱ እንባል ይሆን?» ብለህ ለጻፍከው፦ ያዋጣል፣ ግቡ። ስገዱ የሚላችሁም የለም። ነገር ግን ከአንድ ሰዓት ተኩል ያነሰ ጊዜ ካላችሁ ለሌላ ቀን አቆዩት።

ለምን ብትል፣ አብዛኛው ጎብኚ በበሩ ይገባል፣ ከድንጋይ ሐውልቶቹ መሐል ፎቶ ይነሳል፣ ዋናውን አዳራሽ ከደጅ ቃኝቶ ይወጣል። ሙዚየሙ ያለው ከዋናው አዳራሽ ጀርባ ስለሆነ ከፊት ለፊት አይታይም። የመግቢያው ቲኬት ግን ሁለቱንም የያዘ ነው። ሰው ከፍሎበት የተሻለውን ግማሽ ሳያይ ሲመለስ ማየት ያሳዝናል። ይባስ ብሎ ቡድን ይዘው መጥተው ሃያ ደቂቃ ብቻ የሚሰጡ አስጎብኚዎች አሉ፤ ይህ በእንግዳ ገንዘብ መቀለድ ነው። ስለዚህ ከማንም ጋር ሳትጣበቁ ለብቻችሁ ሂዱ።

1. ጉዞው። ከሃካታ (የፉኩኦካ ዋና ጣቢያ) «ሪሌይ ካሞሜ» የሚባለውን ባቡር ያዙ። ታኬኦ-ኦንሰን ስትደርሱ እዚያው መድረክ ላይ ፊት ለፊት ቆሞ ወደሚጠብቃችሁ ሺንካንሰን (ፈጣኑ ባቡር) ትዛወራላችሁ። መስመሩ የተከፈተው በመስከረም 2022 (በፈረንጅ፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ነው። በጠቅላላው አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ይፈጃል። አንድ ቲኬት ለሁለቱም ይሠራል፤ በመዛወሪያው ላይ ከጣቢያ እንዳትወጡ። አውቶቡሱ ይረክሳል፣ ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ስለሚወስድ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናትህ ባቡሩ ይሻላል።

2. ትራሙ። ሰው የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። የናጋሳኪ ጣቢያ ፊት ለፊት ባለው ፌርማታ 1 ቁጥርም 3 ቁጥርም ይቆማሉ። የእናንተ ወደ ሶፉኩጂ የሚሄደው 1 ቁጥር ነው። 3 ቁጥር በሌላ መንገድ ዞሮ ስለሚሄድ መቀየሪያችሁን ጭራሽ አይነካውም። ሺንቺ ቹካጋይ (ቻይና ታውን) ላይ ውረዱና 5 ቁጥርን ወደ ኢሺባሺ አቅጣጫ ያዙ። የ5 ቁጥር መድረክ ከወረዳችሁበት የተለየ ነው፤ መስቀለኛው መንገድ ላይ ምልክቱን ተከተሉ እንጂ የወረዳችሁበት ቆማችሁ እንዳትጠብቁ። መውረጃችሁ ኦኡራ ተንሹዶ ነው፤ ከዚያ ጥቂት ደቂቃ በእግር ነው። በኋላ በር ገብታችሁ በፊት በር ስትወርዱ ትከፍላላችሁ። ፉኩኦካ የምትጠቀምበት የትራንስፖርት ካርድ እዚህም ይሠራል፤ በካርድ ከከፈላችሁና ወዲያው ከቀየራችሁ መቀየሩ እንደ አዲስ ጉዞ አይቆጠርባችሁም።

ስልክህ ላይ «ኮሺ-ቢዮ» ብለህ ፈልግ። «ሴይዶ» ብለህ ከፈለግክ ኮፉኩጂ ወደሚባለው የቡድሃ ገዳም ሊወስድህ ይችላል። እዚያ ያለው የጥንቱ የናጋሳኪ ኮንፊሺየሳዊ ትምህርት ቤት የቀረለት በር ብቻ ነው፤ ቦታውም ከምትሄዱበት ርቆ በሌላው የከተማው ወገን ነው።

3. ሰዓቱ። በራቸው የሚከፈተው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ነው (እነሱ 9፡30 ይሉታል)። ሲከፈት ድረሱ። ግቢው በድንጋይ የተነጠፈ ክፍት ሜዳ ስለሆነ በሐምሌና በነሐሴ ከረፋዱ ጀምሮ ይፋጃል፤ በሰኔው ዝናብ ደግሞ ድንጋዩ ያዳልጣል። ለእናትህ ጎማ ሶል ያለው ጫማ ይሁን። የቻይና አዲስ ዓመት ሲደርስ በሚደረገው የፋኖስ በዓል ከተማው በ15,000 ያህል ፋኖስ ያሸበርቃል፣ መቅደሱም ከመድረኮቹ አንዱ ነው። ያን ጊዜ ትርዒቱ ግሩም ነው፤ ሙዚየሙን ተረጋግቶ ማየት ግን የማይታሰብ ነው።

4. አገባባችሁ። የውስጡ በር ሦስት መግቢያ አለው። የመካከለኛው በቻይና ሥርዓት ለመንፈስና ለንጉሠ ነገሥት የተተወ ነው፤ ሰው የሚያልፈው በጎንና በጎኑ ነው። የአዳራሽ ደፍ ከፍ ያለ ነው፤ ተሻገሩት እንጂ አትርገጡት፣ ላዩም ላይ አትቁሙ። ስለ ስግደት የጠየቅከው፦ ኮንፊሺየስ (ከክርስቶስ ልደት በፊት 551–479) የጥንት ቻይናዊ መምህር ነው፤ እዚህም የሚከበረው በመምህርነቱ ነው። አንዳንዱ ጎብኚ ዕጣን ያጨሳል፣ እጁን ገጥሞ ይቆማል። እናንተ ኮፍያ አውልቃችሁ በዝምታ ዳር ብትቆሙ ማንም ቅር አይለውም። እናትህ ከመግባታቸው በፊት ይህን ንገራቸው፤ አዳራሹ ደጃፍ ላይ ደርሰው ተጨንቀው ከሚመለሱ ቀድመው ልባቸው ቢያርፍ ይሻላል።

ግቢው ውስጥ በግራና በቀኝ የቆሙት 72ቱ የድንጋይ ሐውልቶች ደቀ መዛሙርቱ ናቸው። ቁመታቸው የሰው ያህል ነው። በጅምላ አትለፏቸው፤ ፊታቸውና እጃቸው ይለያያል። ግራና ቀኝ ባሉት መተላለፊያዎች ግድግዳ ላይ ደግሞ የመምህሩ ንግግሮች የተሰበሰቡበት መጽሐፍ በእብነ በረድ ተቀርጾ ታገኛላችሁ፤ 20 ምዕራፍ፣ ወደ 16,000 የሚጠጋ ፊደል። ቻይንኛ ባታነቡም ሥራውን ቀረብ ብላችሁ እዩት። እኛ ሙሉ ዳዊትን በብራና የምንጽፍ ሕዝብ ነን፣ የጸሐፊ ድካም ምን እንደሆነ ይገባናል።

ታሪኩን ሳታውቁ ከገባችሁ አዲስ የተቀባ ጌጥ መስሎ ይታያችኋል። ቶኪዮ ያለውን የኮንፊሺየስ መቅደስ፣ ዩሺማ ሴይዶን፣ በ1690 የሠራው የሾጉኑ (የጃፓን ወታደራዊ ገዥ) መንግሥት ነው፤ ሳጋ ውስጥ ታኩ ያለውን በ1708 ያሠሩት የአካባቢው ገዥ ናቸው። የናጋሳኪው ግን ከእነዚያ ይለያል፦ በ1893 ከተማው ውስጥ የሚኖሩ ቻይናውያን በቺንግ መንግሥት (ያኔ ቻይናን ይገዛ በነበረው ሥርወ መንግሥት) ድጋፍ የሠሩት ነው። ልጆቻቸውን የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤትም እዚሁ ነበራቸው። ነሐሴ 9 ቀን 1945 በወደቀው የአቶሚክ ቦምብ ክፉኛ ተጎድቶ፣ ዳግም ለጎብኚ የተከፈተው በ1967 ነው። ዛሬ የምታዩት መልክ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከቻይና በመጣ ዕቃ ታድሶ ነው። ስደተኛ ማኅበረሰብ በሰው አገር መምህሩንና ፊደሉን ይዞ እንዴት እንደቆየ ማየት ለሚፈልግ ሐበሻ ከዚህ የተሻለ ቦታ ጃፓን ውስጥ የለም ባይ ነኝ።

ሙዚየሙ፦ በአዳራሹ ጎን አልፋችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ቤይጂንግ ካለው የቤተ መንግሥት ሙዚየም (በ1925 የተከፈተው፣ የንጉሠ ነገሥታቱ የቀድሞ መኖሪያ) በውሰት የመጡ ዕቃዎች ይታዩበታል። የውሰት ስለሆኑ ይለዋወጣሉ፤ «እገሌ ይህን አይቶ ነበር» በሚል አንድ የተለየ ዕቃ ጠብቃችሁ አትሂዱ። መግለጫው በብዛት ጃፓንኛ ነው። ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት በሩ ላይ ያለውን ምልክት እዩ፤ የስልክ ትርጉምም በካሜራ የሚሠራ ስለሆነ ሠራተኛውን ሳትጠይቁ አትጠቀሙበት። ስለዚህ ባቡር ላይ ሳላችሁ የሥርወ መንግሥታቱን ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ጻፉ፦ ሻንግ፣ ዡ፣ ቺን፣ ሃን፣ ታንግ፣ ሶንግ፣ ዩዋን፣ ሚንግ፣ ቺንግ። ይህች ዝርዝር ከሌለች አንዱ ዕቃ ከሌላው በሁለት ሺህ ዓመት እንደሚራራቅ ሳታውቁ ታልፋላችሁ።

የቺንግ (1644–1912) ሸክላ ካጋጠማችሁና ቂጡ በመስታወት ከታየ፣ ብዙ ጊዜ በሁለት ረድፍ ስድስት ፊደል ይኖረዋል። የሚነበበው ከቀኝ ረድፍ ጀምሮ ከላይ ወደ ታች ነው፦ ሁለቱ ሥርወ መንግሥቱን፣ ሁለቱ የንጉሡን ዘመን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት «በዚህ ዘመን ተሠራ» የሚለውን ይናገራሉ። በኋላ ዘመን የቀደመ ንጉሥ ስም እየጻፉ መሥራት የተለመደ ስለነበር ግን ጽሑፉ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ልብስ ካለ ቢጫውን ፈልጉ፤ ደማቁ ቢጫ የንጉሠ ነገሥቱ ቀለም ነበር። ከዚያ ስትወጡ የመቅደሱን ጣሪያ ቀና ብላችሁ እዩት፦ ቢጫ ክዳን ነው። ለአንድ መምህር የንጉሥ ቀለም መሰጠቱ ምን ያህል ክብር እንደሆነ የሚገባችሁ ከሙዚየሙ በኋላ ነው።

ከዚያ ወደ ኢሺባሺ ፌርማታ በእግር ሂዱ፤ ቅርብ ነው። በዚያ አካባቢ ግሎቨር ስካይ ሮድ የሚባል ዳገቱን በሰያፍ የሚወጣ የሕዝብ አሳንሰር አለ፤ ነፃ ነው። እናትህን በእግር ዳገት አታስወጣቸው። ላይ ከወጣችሁ በኋላ ግሎቨር ጋርደንን (የድሮ የአውሮፓውያን ቤቶች ያሉበትን መናፈሻ) እያያችሁ ወደ ታች ስትወርዱ ኦኡራ ቤተ ክርስቲያን ትደርሳላችሁ። በ1865 ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ተደብቀው የኖሩ ጃፓናውያን ክርስቲያኖች ለቄሱ ራሳቸውን የገለጡበት ነው፤ እናትህ ከሁሉም ይህን ይወዱታል።

ምሳ ላይ ተጠንቀቁ። የከተማዋ ታዋቂ ምግብ ቻምፖን መረቁ የሚሠራው ከአሳማና ከዶሮ አጥንት ነው። «ያለ ሥጋ» ብላችሁ ብታዙ ከላይ ያለውን ሥጋ ያነሱላችኋል እንጂ መረቁ ያው ነው። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ከጣቢያው ሱቅ ኡመቦሺ (በጨው የቆየ የፕለም ፍሬ) ያለበትን ኦኒጊሪ (ተጨብጦ የተሠራ ሩዝ) እና ፍራፍሬ ገዝታችሁ ያዙ፤ መቅደሱ አካባቢ የጾም ምግብ እናገኛለን ብላችሁ አትውጡ።