«ጠጠር» ወይስ «ባላስት»?

ጥያቄ፦ ስለ ባቡር መንገድ አሠራር የሚናገር ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየተረጎምኩ ነው። ከሐዲዱ ስር የሚነጠፈውን ድንጋይ «ጠጠር» ብዬው ነበር። አንድ ጓደኛዬ ግን «ጠጠር ማለት ወንዝ ያለሰለሰው ድቡልቡል ድንጋይ ነው፤ ይኼ ተሰብሮ የመጣ ስለሆነ ‹ባላስት› በለው» አለኝ። ሌላው ደግሞ «ገረጋንቲ» ይሻላል ባይ ነው። ዓረፍተ ነገሬ «ሐዲዶቹ በጠጠሮች ላይ ተቀምጠዋል» ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ «ጠጠር» ማለትዎ ልክ ነው። አማርኛ ጠጠርን የሚለየው በመጠኑ እንጂ በቅርጹ አይደለም። ከአሸዋ ከፍ፣ ከድንጋይ ዝቅ ካለ ጠጠር ነው። ግንበኛ «አሸዋና ጠጠር አምጡ» ሲል የሚመጣለት ክሬሸር የሰበረው ነው። «ይኼማ ጠጠር አይደለም» የሚለው የለም። በመሐንዲሶች መለኪያም ቢሄዱ ያው ነው። በዓለም አቀፉ የአፈር አመዳደብ ከ2 እስከ 63 ሚሊ ሜትር ያለው ጠጠር ይባላል። ለሐዲድ የሚመረጠው አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሆነ እዚያው ውስጥ ይወድቃል።

ጓደኛዎ ግን ዝም ብለው አልተናገሩም። እዚህ ላይ ቅርጹ ትልቅ ነገር ነው። ድቡልቡል ጠጠር ከምረው በመዳፍዎ ይጫኑት። እየተንሸራተተ ወደ ጎን ይፈሳል። አሁን ደግሞ የተሰበረውን ይጫኑ። ጠርዝ ከጠርዝ ይነካከሳል፤ መዳፍዎን ይወጋል እንጂ አይሸሽም። ሐዲድ የሚፈልገው ይህንን ነው። የባቡሩ ክብደት ከብረቱ ወደ አግዳሚዎቹ፣ ማለትም ከብረቱ ስር በአግድም ወደተደረደሩት ተሸካሚዎች፣ ከአግዳሚዎቹ ደግሞ ወደ ጠጠሩ ይወርዳል። ጠጠሩ ደግሞ ሸክሙን ከፋፍሎ ለመሬቱ ያደርሰዋል። ብረቱ በፀሐይ ግሎ ልለጠጥ ሲል አግዳሚዎቹን ከቦታቸው እንዳይነቃነቁ የሚይዛቸውም ይኸው የተነካከሰ ጠጠር ነው። የዝናብ ውሃም በየክፍተቱ ሾልኮ ይሄዳል።

ስለዚህ ቅርጹን የሚናገር ቅጽል ይጨምሩለት፤ «የተሰበረ ጠጠር» ይበሉ። ብዙ ሰው «የተፈጨ ጠጠር» ይላል፤ ስህተት ነው አልልም። ለሐዲድ ሲሆን ግን አልመርጠውም። ባቡር በተመላለሰበት ቁጥር የጠጠሩ ጠርዝ ይሸረፋል፣ ዱቄት ይሆናል። ዱቄቱ ክፍተቱን ይደፍናል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ጭቃ ይፈጠራል። ያኔ ጠጠሩ ተነሥቶ በወንፊት ይነፋል፤ አለዚያም በአዲስ ይተካል። ጠጠሩ በእርግጥም «ተፈጨ» የሚባለው ይኼኔ ነው። ገና ሲነጠፍ «የተፈጨ» ካልነው፣ ሲያረጅ ምን ልንለው ነው? «የተሰበረ» እና «የተፈጨ» ለየብቻ ቢቀመጡ ትርጉምዎ ይጠራል።

«ገረጋንቲ»ን ይተዉት። ገረጋንቲ አፈር አለበት። ለመኪና መንገድ ሙሊት ያ አፈር ይጠቅማል፤ ሲጠቀጠቅ ያያይዘዋል። በሐዲድ ስር ግን አፈር ጠላት ነው፤ ከላይ ያልኩትን ጭቃ ያመጣል። ቃሉን ቢጠቀሙ የሚያውቅ አንባቢ «በአፈር ላይ ሐዲድ ዘረጉ እንዴ?» ይላል።

«ባላስት»ስ? መጀመሪያ የመርከብ ቃል ነው። መርከብ እንዳይገለበጥ ከሆዷ ስር የሚጫን ክብደት ማለት ነበር። ወደ ባቡር የመጣው ከዚያ ነው። ባለሙያ ለባለሙያ ሲጽፍ ይጠቀምበት። ለሌላው አንባቢ ግን «ባላስት» ሲባል ቶሎ የሚመጣለት የሸምበቆ መብራት ውስጥ ያለችው ዕቃ ናት። አንዴ «ባላስት የሚባለው የሐዲድ ጠጠር» ብለው ያስተዋውቁትና ከዚያ በኋላ «ጠጠሩ» እያሉ ይቀጥሉ።

አሁን ወደ «ጠጠሮች» ልምጣ፤ እኔን ይበልጥ የቆረቆረኝ እሱ ነው። አማርኛ ጠጠርን እንደ እህል ነው የሚያየው። «ሁለት መኪና ጠጠር» እንላለን እንጂ «ሁለት መኪና ጠጠሮች» አንልም። «ጫማዬ ውስጥ ጠጠር ገባ» ሲባል አንድ ፍሬ ነው። «ጠጠር ተደፋ» ሲባል ክምር ነው። ቃሉ ራሱ ሁለቱንም ይችላል። «ጠጠሮች» የሚያምረው እያንዳንዱ ሲቆጠር ነው፤ ሐኪም «ኩላሊትህ ውስጥ ሦስት ጠጠሮች አሉ» ሲል እንደሚቆጥረው ማለት ነው።

«ተቀምጠዋል»ም ትንሽ ይከብዳል። ሐዲድ ይዘረጋል፣ ጠጠር ይነጠፋል፣ በአግዳሚው ስርና ዙሪያ ይጠቀጠቃል። ግሶቹ አሉን፤ እንጠቀምባቸው። ሐዲድ ደግሞ በሐመሩ «ሐ» ቢጻፍ እወዳለሁ፤ «ብረት» ከሚለው የዐረብኛ ቃል ስለመጣ መነሻውን ያስታውሳል።

ዓረፍተ ነገርዎን እኔ ብጽፈው እንዲህ እለዋለሁ፦ «ሐዲዱ የተዘረጋው በተነጠፈና በተጠቀጠቀ የተሰበረ ጠጠር ላይ ነው።»