«አራት ፍሬ ስጪኝ»፦ ስለ መድኃኒትና ኬሚካል ቁጥጥር ጥያቄና መልስ

ወረዳችን በመድኃኒትና በኬሚካል ሽያጭ ቁጥጥር ላይ ነዋሪውን ለውይይት ጠርቷል። እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም እሑድ ከእድር በኋላ ጎረቤቶቼ ጠየቁኝ፤ እንዲህ መለስኩ።

ጥያቄ፦ ፓራሲታሞልም በማዘዣ ሊሆን ነው?

መልስ፦ ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ነው። የኛ ጭንቀት እሱ አይደለም።

ጥያቄ፦ ጉንፋን ሲይዘኝ ጤና ጣቢያ ተሰልፌ ከምውል አሞክሳሲሊን ገዝቼ ብውጥ ምን አለበት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ባንኮኒ ላይ ስቆም በየቀኑ የምሰማው «አራት ፍሬ ስጪኝ» ነው። ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ነው። አሞክሳሲሊን አንቲባዮቲክ ነው፤ የሚገድለው ባክቴሪያ ነው። በሦስተኛው ቀን ቢሻልህ ጉንፋኑ ራሱ ጊዜውን ጨርሶ ነው። ሰውነትህ ውስጥ ካሉት ባክቴሪያዎች ግን ደካሞቹ ሞቱ፣ መድኃኒቱን የቻሉት ተባዙ። ወደ ቤተሰብህም ይሻገራሉ። ለሕፃናት የሳንባ ምች መጀመሪያ የሚሰጠው ይኸው አሞክሳሲሊን ነው። ልጅህ የታመመ ቀን መድኃኒቱ አልሠራ ቢልስ? ካፕሱል ከፍታችሁ ቁስል ላይ የምትነሰንሱም ተዉ።

ሕጉማ አለ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለ። የማዘዣ መድኃኒት ያለ ማዘዣ መሸጥ ዛሬም ክልክል ነው። ለጭንቀት የሚታዘዘው ዲያዜፓም ልዩ የማዘዣ ወረቀት ስላለው ማንም «አራት ፍሬ» አይለኝም። የአንቲባዮቲክ ማዘዣም እንደዚያው ይያዝ። ከገባውና ከወጣው መድኃኒት ጋር ይመሳከር። ውይይቱ ላይ የምለው ይህንን ነው።

አንድ አባት፦ የምትሸጡት እናንተ፣ የምትወቅሱት እኛን!

ሌላ ሰው፦ እውነታቸውን ነው። ማታ ሲያመኝስ ማን ጤና ጣቢያ ያደርሰኛል?

ሦስተኛ፦ ባጃጅ አለ እኮ።

ሌላው፦ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ? የት አይተህ ነው?

መልስ፦ የባጃጁን ለሌላ ቀን እናቆየው። አባባ ልክ ናቸው፤ የሚሸጠው የኔው ባልደረባ ነው። ቁጥጥሩ ከባንኮኒው ጀርባ ይጀምር የምለውም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ለጎመን የሚረጭ የተባይ መድኃኒት በሃይላንድ ጠርሙስ ገዛሁ። ምን ያህል ውሃ ልጨምርበት?

መልስ፦ አትርጪው። ምን እንደሆነ ሳይታወቅ መጠን አልናገርም። ኬሚካል በሃይላንድ ጠርሙስ አትግዙ፣ አትገልብጡ። ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ፀረ ተባይ በአዋጅ ቁጥር 674/2002 ነው የሚመራው፤ የዓይነቱን ነገር የግብርና ባለሙያ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ለጨጓራ አሪፍ መድኃኒት?

መልስ፦ ተመርመሪ።

ጥያቄ፦ በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ብቀላቅል በደንብ ያጸዳል?

መልስ፦ በፍጹም! ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ሳንባ ይጎዳል። በረኪናም ቢሆን በሃይላንድ ጠርሙስ አይቀመጥ። ሁለተኛ ጊዜ መናገሬ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ዳማከሴዬንም ሊከለክሉኝ ነው?

መልስ፦ እማማ፣ የጓሮዎን ዳማከሴ ያሽቱ። ትኩሳቱ ከበረታ ግን ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ለጉሮሮ ሁለት ፍሬ አሞክሳሲሊን ብቻስ?

መልስ፦ አሁን ምን ስል ቆየሁ? ሁለትም አራትም ያው ነው። ሳትመረመሩ አንቲባዮቲክ አትዋጡ።

ጥያቄ፦ እኔ ሰው ፊት መናገር አልችልም። ውይይቱ ላይ ምን ልበል?

መልስ፦ መሳቢያሽ ውስጥ የተረፈ ካፕሱል አይጠፋም። ይዘሽው ነይ። ያለ ማዘዣ ስንት ፍሬ እንደተሸጠልሽ ብቻ ንገሪያቸው።