የአንባቢያን ጥያቄ፦ ፖርት ከፍተን ጓደኛ ለምን አይገባም?

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ላፕቶፔ ላይ የማይንክራፍት ሰርቨር አስነስቼ ሐረር ያሉ ሦስት ጓደኞቼ እንዲገቡ ፈልጌ ነበር። ራውተሩ ላይ ፖርት 25565ን (ከውጭ የሚመጣው ግንኙነት ወደ ጌሙ የሚገባበትን ቁጥር) ከፍቻለሁ፣ የዊንዶውስ ፋየርዎልንም አጥፍቼ ሞክሬያለሁ። እኔ እገባለሁ፤ እነሱን ግን «ኮኔክሽን ታይምድ አውት» ይላቸዋል። ምን ቀረኝ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ፋየርዎሉን መልሰህ አብራው። ከፖርቱ በፊት መታየት ያለበት አድራሻህ ነው። ብሮውዘር ላይ 192.168.1.1 ብለህ (የሲም ራውተር ከሆነ ብዙ ጊዜ 192.168.8.1 ነው) ወደ ራውተሩ ገጽ ግባና «ዋን አይፒ» የሚለውን ቁጥር፣ ማለትም ራውተሩ ከአቅራቢው የተሰጠውን አድራሻ፣ ጻፈው። ቀጥለህ የሰውን አይፒ አድራሻ የሚያሳይ ማንኛውንም ድረ ገጽ ክፈትና ቁጥሮቹን አስተያይ። አንድ ዓይነት ከሆኑ ፖርት መክፈት ይሠራል። ከተለያዩ፣ በተለይ የራውተሩ ቁጥር በ10 የሚጀምር ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ የሚያርፍ ከሆነ፣ ኢንተርኔት አቅራቢው ብዙ ደንበኞችን በአንድ የውጭ አድራሻ እያስተናገደ ነው።

የሰፈሩ ሰው በሙሉ በአንድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ቢገለገል ማለት ነው። አንተ ለጻፍከው ደብዳቤ መልሱ ይመጣልሃል፤ ሳትጽፍለት የጻፈልህ ሰው ደብዳቤ ግን የማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ወድቆ ይቀራል። ይህ አሠራር የመጣው አይፒ ቨርዥን 4 በጠቅላላው ወደ 4.3 ቢሊዮን አድራሻ ብቻ ስላለውና ለዓለም ስላልበቃ ነው፤ የ100.64 መደብም በ2012 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ሥራ ተለየ። አንተ የከፈትከው የራስህን ራውተር ነው። ከእሱ ወዲያ ያለው የአቅራቢው መሣሪያ ግን እንደተዘጋ ነው፣ እዚያ ደግሞ እጅህ አይደርስም።

አቅራቢውን ቋሚ የሕዝብ አይፒ (የአንተ ብቻ የሆነ የውጭ አድራሻ) መጠየቅ ይቻላል፤ ለአራት ልጆች ጨዋታ ግን ወጪው አያዋጣም። ለእናንተ የሚሻለው እንደ ዜሮቲየር ወይም ቴይልስኬል ያለ፣ አራታችሁን በአንድ ቤት እንዳላችሁ የሚያገናኝ ቪፒኤን ነው። ራድሚን ቪፒኤንም ነፃ ነው፣ ዊንዶውስ ላይ ብቻ ቢሠራም። ሃማቺ በነፃ የሚያስተናግደው 5 ሰው ነው።

በዜሮቲየር እንሂድ። ከእናንተ አንዱ ድረ ገጹ ላይ አካውንት ከፍቶ ኔትወርክ ይፈጥርና 16 ፊደልና አሃዝ ያለው መለያ ይሰጠዋል። አራታችሁም ፕሮግራሙን ጭናችሁ መለያውን ታስገባላችሁ። ብዙ ሰው የሚረሳው የሚቀጥለውን ነው፦ ኔትወርኩን የፈጠረው ሰው ወደ ድረ ገጹ ተመልሶ ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር ፈቃድ ካልሰጠ ፕሮግራሙ አድራሻ ሳያገኝ ይቀመጣል። ጓደኞችህ ጌሙ ውስጥ የሚጽፉት ዜሮቲየር ለአንተ ላፕቶፕ የሰጠውን አዲስ አድራሻ ነው፣ መጨረሻው ላይ :25565 ጨምረው። የሰርቨሩ የሴቲንግ ፋይል ውስጥ የሰርቨር አይፒ የሚለው መስመር ባዶ ይሁን፤ የድሮው 192.168 ቁጥር እዚያ ከቀረ ሰርቨሩ በአዲሱ ኔትወርክ የሚመጣውን አይቀበልም።

ከዚያም ፋየርዎሉ አለ። ዊንዶውስ አዲሱን ኔትወርክ ብዙ ጊዜ «ፐብሊክ» ብሎ ይመድበውና ገቢውን ይዘጋል። ወደ «ፕራይቬት» ቀይረው፣ ወይም በገቢ ሕጎች ላይ ቲሲፒ 25565ን ብቻ ፍቀድ (ቲሲፒ እና ዩዲፒ ዳታ የሚላክባቸው ሁለት የተለያዩ ዘዴዎች ናቸው)። ከጓደኞችህ አንዱ በስልክ የሚጫወት ከሆነ እሱ ያለው ቤድሮክ የሚባለው ዓይነት ነው፤ የሚጠቀመው ዩዲፒ 19132ን ነው፣ ጃቫ ከሚባለው የኮምፒውተር ዓይነት ሰርቨር ጋርም ጋይሰር የሚባለው ተጨማሪ ካልተጫነ አይግባባም። ሌላ ጌም ብትሞክሩ ቴራሪያ ቲሲፒ 7777፣ ቫልሄይም ዩዲፒ 2456 እና 2457፣ ፋክቶሪዮ ዩዲፒ 34197 ናቸው። ቁጥሩን አስተካክሎ በዩዲፒ ቦታ ቲሲፒን መምረጥ ቁጥሩን ከመሳት እኩል ነው።

ገብተው ላግ ካስቸገራቸው ከሐረር ሆነው የአንተን አዲስ አድራሻ ፒንግ ያድርጉ (ዳታ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበትን ጊዜ የሚለካ ትእዛዝ ነው)። የመጀመሪያዎቹ መልሶች ዘግይተው ቀጥሎ ከወረዱ ኮምፒውተሮቹ በቀጥታ ተገናኝተዋል። ከ200 ሚሊሰከንድ በላይ ሆኖ ከቀጠለ ግን ቀጥታ መንገድ ስላላገኙ ዳታው ባሕር ማዶ ባለ አስተላላፊ ሰርቨር በኩል እየዞረ ሊሆን ይችላል። በሁለቱ ከተሞች መካከል 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ እያለ ዳታው በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ማየት ያበሳጫል። ራውተርህ ላይ ዩፒኤንፒን (ጌሞችና ፕሮግራሞች የሚፈልጉትን ፖርት ራሳቸው እንዲያስከፍቱ የሚፈቅደውን) አብራ፣ ከስልክ ሆትስፖት ይልቅ የቤት መስመር ተጠቀም፤ ካልሆነ ከአራታችሁ ሌላው ሰርቨሩን ያስነሳና ሞክሩ። ድሬዳዋ ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ወዲህ የሁለት ኦፕሬተሮች ከተማ ስለሆነች የሌላኛውን ሲም መሞከርም ይቻላል።

ውጭ አገር ሰርቨር ተከራይቶ ዋየርጋርድ የሚባለውን ቪፒኤን መትከልም አለ (ዩዲፒ 51820)። ለእናንተ አንመክረውም፤ ዳታው የግድ እዚያ ደርሶ ይመለሳል። ተከራይቶ የሚሞክር ሰው ካለ አንድ ነገር ይወቅ፦ ግንኙነቱ ተሳክቶ የጌሙ ዓለም ሲጫን ደርቆ ከቀረ፣ ከተለመደው 1420 የነበረውን ኤምቲዩ (የአንድ ፓኬት፣ ማለትም የአንድ የዳታ ጥቅል፣ ትልቁ መጠን በባይት) ወደ 1280 ዝቅ ያድርገው። ቪፒኤኑ በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ ቢያንስ 60 ባይት ስለሚጨምር ትልልቆቹ ፓኬቶች በመንገድ ይጣላሉ።

ጥያቄ፦ ከዚራ አካባቢ ትንሽ የጌም ቤት አለኝ። ሁለቱም ፕሌይስቴሽን 4 «ናት ታይፕ 3» ይላሉ፤ ደንበኞች ድምፅ አይሰማንም፣ ጓደኛ ጋር መግባት አልቻልንም እያሉ ይሄዳሉ።

መልስ፦ ናት ማለት ራውተሩ የውስጡን አድራሻ በውጭው መቀየሩ ነው፤ ታይፕ 3 ከሌሎች ጋር መገናኘትን በጣም የሚገድበው ነው። ቤትዎ ውስጥ ስንት ራውተር እንዳለ ይቁጠሩ። ከአቅራቢው በመጣው ሞደም ላይ ሁለተኛ ራውተር ተሰክቶ ከሆነ አድራሻ የሚቀይሩት ሁለቱም ናቸው። ሁለተኛውን ከሴቲንጉ «አክሰስ ፖይንት» ያድርጉት፤ ዋይፋዩ ይቀጥላል፣ አድራሻ መቀየሩ ይቀራል። ከዚያ ሞደሙ ላይ ዩፒኤንፒ አብርተው መሣሪያዎቹን አጥፍተው ያስነሱና የኢንተርኔት ፈተናውን ይድገሙ። ታይፕ 2 ከመጣ ሥራው አልቋል፤ ታይፕ 1ን ማሳደድ አያስፈልግም።

ቲሲፒ ከ3478 እስከ 3480፣ ዩዲፒ 3478 እና 3479 በእጅ መክፈት የሚጠቅመው አንድ ኮንሶል ብቻ ሲኖር ነው። አንድ ፖርት በአንድ ጊዜ ወደ አንድ መሣሪያ ብቻ ስለሚመራ ለሁለት ኮንሶል ዩፒኤንፒ ይሻላል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ታይፕ 3 ካልተለወጠ ከላይ ለሳቢያኑ ጠያቂ የነገርነውን የአድራሻ ፈተና ያድርጉ። ለጌም ቤት፣ እንደ እሱ ሳይሆን፣ የሕዝብ አይፒ መክፈል ተገቢ ወጪ ነው። የጌም አፕዴትም ማታ ሱቁ ሲዘጋ ይውረድ፤ አንዱ ኮንሶል ሲያወርድ በሌላው ላይ የሚጫወት ደንበኛ ይጎተታል።

ጥያቄ፦ ሐረር ጀጎል ውስጥ ነው ቤታችን። ፒንጌ 180 ይላል፣ አንዳንዴ 400 ይደርሳል። ቪፒኤን ብገዛ ይቀንስልኛል?

መልስ፦ ሳትገዛ በፊት የራስህን ራውተር ፒንግ አድርግ፣ 50 ጊዜ። በኬብል ከሆንክ 1 ወይም 2 ሚሊሰከንድ መሆን አለበት። በዋይፋይ 5፣ 80፣ 7፣ 200 እያለ የሚዘል ከሆነ ወደ 400 የሚወስድህ የቤትህ ግድግዳ ነው። የጀጎል ቤቶች የድንጋይ ግድግዳ ወፍራም በመሆኑ የ5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይን ክፉኛ ያዳክማል። የ2.4 ጊጋኸርዙ ይሻላል፤ ቻናሉን 1፣ 6 ወይም 11 አድርገህ ጎረቤት ያልያዘውን ምረጥ። ከሁሉ የሚበልጠው የካት 6 ኬብል ነው፣ እስከ 100 ሜትር ድረስ ይሠራል። ጀጎል በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነውና ግድግዳ አትብሳ፤ ኬብሉን በጣሪያው ወራጅ ሥር አስኪደህ በበሩ ላይኛው ጥግ አውጣው።

የቀረውን 180 ግን ቪፒኤን በአብዛኛው አይነካውም። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው፤ ከእናንተ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር 5,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ መሄጃና መመለሻው ብቻ 55 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ኬብሉ ደግሞ በባሕር እየተጠማዘዘ ነው የሚሄደው። ቪፒኤን የሚጠቅመው አቅራቢው የመረጠው መንገድ በጣም ጠመዝማዛ ሆኖ የቪፒኤኑ የተሻለ ሲሆን ብቻ ነው። ነፃ የሙከራ ጊዜ ያለውን ይዘህ በምትጫወትበት ሰዓት ማታ ለካው፤ ካልቀነሰ ገንዘብህን አታውጣ። ጌሙ ሪጅን የሚያስመርጥ ከሆነ አውሮፓንና መካከለኛው ምሥራቅን ለየብቻ ሞክር። በካርታ የሚቀርበው ሁልጊዜ በኬብልም ይቀርባል ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ የአሥራ አራት ዓመቱ ልጄ ራውተሩ ላይ «ዲኤምዜድ» አብሪልኝ ብሎ አስቸገረኝ። አደጋ አለው? — እናት፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ አለው፣ አያብሩለት። ዲኤምዜድ ከውጭ የሚመጣውን ሁሉ ወደ ልጅዎ ኮምፒውተር እንዲገባ ይለቀዋል። የጌሙን አንድ ፖርት ብቻ መክፈት ከዚያ በጣም ይሻላል፤ ጨዋታው ሲያልቅ ሰርቨሩን ያጥፋ፣ ፖርቱንም ይዝጋ። ከጓደኞቹ ጋር ብቻ ከሆነ የሚጫወተው ከላይ ያለው የዜሮቲየር መንገድ ራውተሩን ጨርሶ ሳይነኩት ያገናኛቸዋል። ኔትወርኩን በእርስዎ ኢሜይል ቢከፍቱት ማን እንደሚገባ የሚፈቅዱት እርስዎ ይሆናሉ። የራውተሩ የመግቢያ ቃል አሁንም ከፋብሪካ የመጣው ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ይቀይሩት።